አባቴን በዊልቸር ይዞ ዝዋይ ላይ ጀልባ መሳፈር ይቻላል? (ከደብረ ብርሃን ተነስተን)

የጠባሴ ልጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። አባቴ 71 ዓመታቸው ነው። ስትሮክ ከመታቸው በኋላ ግራ እጅና ግራ እግራቸው ደክሟል፤ ደገፍ ካደረግናቸው በቀኝ እግራቸው ለጥቂት ሰከንድ ይቆማሉ፣ መራመድ ግን የለም። ክብደታቸው 74 ኪሎ፣ ዊልቸራቸው ተራው የሚታጠፈው የብረት ነው። ጉማሬና የውሃ ወፍ ጀልባ ላይ ሆነው ማየት ይፈልጋሉ፤ ለኛ የሚቀርበው ዝዋይ (ባቱ) ነው ብለን አስበናል። የደወልንላቸው የጀልባ ሰዎች ሁሉ «ችግር የለውም፣ ተሸክመን እናስገባቸዋለን» ይሉናል። ይህ ይበቃል ወይስ ምን ብለን እንጠይቅ? ጀልባው ካልሆነስ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ከመኪና ሳይወርዱ አራዊት የሚያዩበት አለ?

ቀወት፦

«ተሸክመን እናስገባቸዋለን» ከቅንነት የሚመጣ መልስ ነው፣ ግን ምንም አይነግራችሁም። 74 ኪሎ ሰው ደረቅ መሬት ላይ ሁለት ወጣት በብብትና በጉልበት ይዞ ያነሳዋል። አንድ እግር መሳፈሪያው ላይ፣ አንድ እግር ጀልባው ላይ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ጀልባ በተረገጠ ቁጥር ከዳር ይሸሻል፣ ክፍተቱም የሚሰፋው ልክ ክብደቱ መሀል ላይ ሲደርስ ነው። ሰው የሚፈራው የሐይቁን መሀል ነው፤ ሰው የሚወድቀው ግን እዚያች አንድ ክንድ ቦታ ላይ ነው።

ስለዚህ ስትደውሉ «ይቻላል ወይ?» አትበሉ፣ ልክ ጠይቁ። ከመሳፈሪያው ጫፍ እስከ ጀልባው ጠርዝ ወደ ታች ስንት ሳንቲም ነው? ወደ ጎንስ? መሳፈሪያው ድንጋይ ወይም ኮንክሪት ነው ወይስ ጭቃ? መቀመጫው ከጀልባው ወለል ስንት ከፍ ይላል፣ መደገፊያስ አለው? ከዚያ የዛሬ ፎቶ ይላኩላችሁ፣ ሰው ዳር ላይ ቆሞ። የዛሬ ያልኩት ዝዋይ መስከረምና ጥቅምት ላይ ሞልቶ ግንቦትና ሰኔ ላይ ስለሚጎድል ነው፤ በጥቅምት ልክ የሆነ መሳፈሪያ በግንቦት ዳሩ ጭቃ ሆኖ ጀልባው ርቆ ሊቆም ይችላል። «ውሃ ውስጥ ገብተን እናደርሳቸዋለን» ካሏችሁ እምቢ በሉ። እግር ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ ሸክም ይዞ ማውጣት አይቻልም፣ በዚያ ላይ ዝዋይ ቢልሃርዝያ ያለበት ሐይቅ ነው። ወደ ታች ያለው ልዩነት ከ50 ሳንቲም ከበለጠም ሌላ መሳፈሪያ ፈልጉ።

በባዶ እጅ አታንሱ። ድንኳን ከሚሰፋ ሰው ጋ ሄዳችሁ የማንሻ ሸራ አሰፉ፦ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ40፣ ወርዱ 70 ሳንቲም፣ ጠንካራ ሸራ። ሦስት የመኪና ቀበቶ ክር፣ እያንዳንዱ 1 ሜትር ከ90፣ በሸራው ሥር ከዳር እስከ ዳር አልፎ በሁለቱም በኩል 60 60 ሳንቲም ይተርፋል፤ ያ ታጥፎ የ30 ሳንቲም መያዣ ይሆናል። አንዱ ክር ትከሻ ሥር፣ አንዱ ዳሌ ሥር፣ አንዱ ጉልበት ሥር እንዲውል ይሰፋ። ብዙ ሰፊ መያዣውን ጠርዙ ላይ ብቻ ይለጥፈዋል፤ እንደዚያ የተሰፋ ሰው ላይ ነው የሚቀደደው። ክሩ ከሥር ካለፈ ክብደቱን የሚሸከመው ክሩ ነው፣ ሸራው ማቀፊያ ብቻ ይሆናል። ከመነሳታችሁ በፊት ግቢ ውስጥ አንድ ኩንታል እህል ጭናችሁ ለስድስት አንሱትና ስፌቱን እዩት።

ሸራውን ጠዋት አልጋ ላይ እያሉ ወደ ጎን ገልበጥ አድርጋችሁ ከሥራቸው አንጥፉት፤ ዊልቸሩ ላይ አብሯቸው ይቀመጣል። መሳፈሪያው ላይ ዊልቸሩ ፊቱን ወደ ውሃው አዙሮ ከጫፉ አንድ ሜትር ያህል ይቁም። ፍሬኑ ተቆልፎ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ገብቶ፣ የእግር መርገጫዎቹ ወደ ጎን ተከፍተው፣ አንድ ሰው ከኋላ ይዞት። ጀልባው ሞተሩ ጠፍቶ በአፍንጫውም በኋላውም ይታሰር፤ በአፍንጫው ብቻ ከታሰረ እንደ በር ይከፈታል። የመሳፈሪያው ጫፍ ላይ ጋቢ አራት እጥፍ አድርጋችሁ አንጥፉ።

ከዚያ በሁለት ጉዞ ነው። ሁለት ሰው ጀልባው ውስጥ ቆመው የጉልበቱን ክር ይይዛሉ፣ ሁለት ዳሌውን፣ ሁለት ትከሻውን። የሚቆጥረው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ትከሻ ከያዙት አንዱ። መጀመሪያ እግራቸው ጀልባው ውስጥ ሆኖ ጋቢው ላይ ይቀመጣሉ። እዚያ ትከሻ የያዙት ሳይለቁ ውስጥ ያሉት ከጉልበት ወደ ዳሌ ክር እጃቸውን ያዛውራሉ፣ ከዚያ ወደ መቀመጫው ዝቅ። ውስጥ ያሉት ሁለቱ መሀሉን ይዘው ግራና ቀኝ ይቁሙ፤ ለማገዝ ብለው ሁለቱም ወደ አንድ ጠርዝ ከተጠጉ ጀልባው ያዘነብላል። ሦስተኛ አጋዥ ነኝ ብሎ ወደ ጀልባው የሚዘልም አይጠፋም፣ እሱን ቀድማችሁ ከልክሉ።

ዊልቸሩ ላይ እንዳሉ ይሂዱ የሚል ሐሳብ ከመጣ ተዉት። የዊልቸር መቀመጫ 50 ሳንቲም ያህል ከፍታ አለው፣ የትንሽ ጀልባ መቀመጫ ግን 30 ቢሆን ነው፤ ክብደት ከፍ ባለ ቁጥር ጀልባው በትንሽ ማዕበል ይናወጣል። ነጭ የፕላስቲክ ወንበርም እርጥብ ወለል ላይ ይንሸራተታል። የጀልባው መቀመጫ መደገፊያ ከሌለው፣ ወለሉ ላይ ፍራሽ አንጥፋችሁ ጀርባቸውን ከመቀመጫው ጎን አስደግፉ፤ ሸራው ከሥራቸው ስላለ ማንሳቱ አይከብድም። ከመሀል ትንሽ ወደ ኋላ ይሁን፣ አፍንጫው አካባቢ ይዘላል። ዊልቸሩ ታጥፎ ዳር ላይ ጠባቂ ይያዘው።

የሕይወት አድን ጃኬቱ አንገትጌ ያለውና ፊትን ወደ ላይ የሚያዞር ይሁን፣ ዳር ላይ ሳሉ ታስሮ ያልቅ። በቀበቶም ሆነ በገመድ ከጀልባው ጋር አይታሰሩ፣ «እንዳይወድቁ» ተብሎም ቢሆን። ጀልባ ከተገለበጠ የታሰረ ሰው አይወጣም።

ሐይቁ ጠዋት ይረጋል፣ ከሰዓት ንፋስ ይነሳል። ስለዚህ ባቱ አድራችሁ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ተነሱ፣ እስከ 3 ሰዓት ተመለሱ፤ ከደብረ ብርሃን ወደ 290 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን የሚታሰብ አይደለም። ባቱ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ወባ አለ፤ የደብረ ብርሃን ሰው አጎበር ይረሳል። ነጂውን ደግሞ ከጉማሬ ቢያንስ 50 ሜትር ራቅ፣ በጉማሬውና በጥልቁ ውሃ መሀል አትግባ በሉት። ጎብኚ ለማስደሰት መጠጋት የሚወዱ አሉ። እናንተ የያዛችሁት ዋኝቶ የሚያመልጥ ሰው አይደለም።

በሬሳ፦

ቀወት የጀልባውን ጨርሶታል፣ እኔ ስለ ሰውነታቸው ልጨምር።

ግራ እጃቸውን ማንም አይጎትት። ከስትሮክ በኋላ የደከመ ትከሻ ጡንቻው ስለላላ በቀላሉ ይወልቃል፣ ሕመሙም ወራት ይቆያል። ስታነሱ እጁ ደረታቸው ላይ በነጠላ ይታሰር፤ ለመደገፍም ወገባቸው ላይ ሰፊ ቀበቶ አድርጋችሁ ቀበቶውን ያዙ። የጀልባ ልጆች በደግነት መጀመሪያ የሚይዙት እጅ ነው፣ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

መኪና ላይ ሲወጡ በብርቱው ጎን ነው የሚዞሩት። ጋቢና ቀኝ በር ላይ ዊልቸሩን እንደ መኪናው ወደ ፊት ካዞራችሁት መኪናው በግራ እጃቸው ይሆንና በደከመው እግር መዞር ይመጣል። ዊልቸሩ ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ ያዙር፤ ያኔ ወንበሩ በቀኛቸው ነው፣ ቆመው ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጣሉ፣ እግራቸውን እናንተ ታስገባላችሁ። ሲወርዱ ግን ዊልቸሩ ወደ ፊት እያየ ይጠጋ። ቤት የለመደ ቤተሰብ እንኳ መንገድ ላይ ይህንን ይስታል፣ ሰው የሚወድቀውም ሲመለሱ ደክሞ ሳለ ነው። ዶልፊን ከሆነ ጋቢናው ከፍ ስለሚል አጭር ጠንካራ ዱካ ለቀኝ እግራቸው መርገጫ ያዙ።

የቀኝ አንጎል ስትሮክ ግራን ያደክማል፣ አንዳንዴም በግራ በኩል ያለውን ነገር ጭራሽ እንዳይመለከቱ ያደርጋል። ዓይናቸው ደህና ነው፣ አንጎል ነው የግራውን የሚዘለው። ምግብ ሲበሉ የትሪውን ግራ ይተዋሉ? ከሆነ ጀልባ ነጂውን «አራዊቱን በቀኝ በኩል አድርግልን» በሉት። አለዚያ አንድ መንጋ ጉማሬ በግራ አልፎ እሳቸው «የታለ?» ይላሉ።

የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ለጉዞ ተብሎ አታሸጋግሩ። ሽንት እንዳይመጣባቸው ውሃ መከልከልም አይገባም፤ የፕላስቲክ የሽንት ዕቃና ጋቢ ይበቃል። በየሰዓት ተኩሉ ቁሙና ከመቀመጫቸው ለሁለት ደቂቃ ከፍ አድርጓቸው፤ ፍጥነት መንገዱ ላይ እንደልብ ስለማይቆም ከመግባታችሁ በፊት ጨርሱ። ጂንስ አታልብሷቸው፣ የኋላ ኪሱ ስፌት መቀመጫቸውን ያቆስላል።

ሞጃ፦

ጫሞስ? አዞውም ጉማሬውም እዚያ ነው እየተባለ።

ቀወት፦

አዎ፣ አዞ ገበያ የሚባለው ጫሞ ላይ ነው፣ ከዝዋይ የበለጠ ያሳያል። ግን አርባ ምንጭ ከአዲስ አበባ ብቻ 500 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ለመጀመሪያ ጉዞ አልመክርም። ዝዋይ ላይ አንድ ትርፍ አለ፦ ጀልባው ባይሳካ ዓሣ አስጋሪዎቹ ከሚወጡበት ዳር ዊልቸር ላይ ሆነው ፔሊካኑንና አባ ኮዳውን (ራሰ በራውን ትልቅ ወፍ) በቅርብ ያያሉ። የዓሣ ትርፍራፊ ለመልቀም ሰው አጠገብ ይመጣሉ።

መዘዞ፦

ለሁለተኛው ጥያቄ፣ እዚሁ መንዝ ጓሳ እያለ ሰው ለምን 290 ኪሎ ሜትር እንደሚወርድ አይገባኝም። ጉማሬ የለንም፣ ልክ ነው። ግን ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ ሳይወርዱ ከመኪና መስኮት የሚታዩበት አገር ነው።

ከደብረ ብርሃን በደሴ መንገድ ጣርማ በር ድረስ፣ ከዋሻው በፊት ወደ ግራ ታጥፋችሁ በመዘዞ ወደ መሐል ሜዳ ነው፤ ከመታጠፊያው ጓሳ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ነው። የመንገዱን ሁኔታና ፀጥታውን የዚያን ሳምንት ጠይቁ። ወደ መሐል ሜዳ ሲኬድ ገደሉ በቀኝ በኩል ነው፤ በሬሳ ካለው ጋር ይገጥማል፣ ጋቢና ቀኝ ላይ ከተቀመጡ በደህናው ጎናቸው ያያሉ። ሲመለሱ ግን በግራ ስለሚሆን ዋናውን ማየት በመሄጃው ጨርሱ።

ጭላዳ ሌሊት ገደል ላይ ያድራል፣ ፀሐይ ሲሞቅ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ባለው ወደ ሜዳው ወጥቶ ሣር ይግጣል፣ ወደ ማታ ተመልሶ ይወርዳል። ስለዚህ ቀትር ላይ ደርሳችሁ ብትፈልጉ መንጋው ከመንገድ ርቆ ሊሆን ይችላል። ሲያገኙት ሞተር አጥፉ፣ በር አትክፈቱ፣ ምግብ አትወርውሩ፤ ዝም ካላችሁ እየገጠ መኪናው አጠገብ ይመጣል። ቀይ ቀበሮ ቀን ነው የሚያድነው፣ አይጥና ፍልፈል፤ ጓሳ ላይ ብዙ ጊዜ ጭላዳው መሀል እየዞረ ያድናል፣ ጭላዳውም አይሸሸውም። መንጋ ካያችሁ ዳር ዳሩን ቃኙ። አንድ እጅ ብቻ ለሚሠራ ሰው ባይኖኩላር ይንቀጠቀጣል፤ አንድ ኪሎ ሽንብራ የሞላ የጨርቅ ከረጢት ግማሽ በተከፈተው መስኮት ላይ አስቀምጡና ባይኖኩላሩን እዚያ ላይ አስተኙት።

ዊልቸሩን ሜዳው ላይ ለማውረድ ከፈለጋችሁ ወደ ፊት አትግፉት። የጓሳ ሣር በጉብጉብ ነው የሚበቅለው፣ የፊቱ ትንሽ ጎማ ይሰነቀርና ሰውየው በፊቱ ይደፋል። ፊቱን ወደ ኋላ አዙራችሁ በትልልቁ ጎማ ጎትቱት፣ 20 ሜትር ከሄዳችሁ በቂ ነው። ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፣ ገፊውም ይታክታል። ልብ ወይም ሳንባ ካመማቸው ሐኪማቸውን ሳትጠይቁ አትውጡ። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ የደከመ እግር ቅዝቃዜውን ላይናገር ስለሚችል ሁለት ካልሲ፣ ብርድ ልብስ። የሞቀ ውሃ በጠርሙስ እግር ላይ አታድርጉ፣ ሳይሰማቸው ያቃጥላቸዋል። ሐምሌና ነሐሴ ጭጋግና ዝናብ ነው፣ አትድከሙ።

ለግማሽ ቀን ብቻ ከሆነ ጣርማ በር አካባቢም ጭላዳ አይጠፋም። ግን እዚያ የከባድ መኪና መንገድ ነው፣ ዳሩ ጠባብ፤ ዊልቸር ከመኪና እንዳታወርዱ። አንኮበርም ደስ ይላል ይባላል፣ ነገር ግን ቤተ መንግሥቱ የነበረበት ኮረብታ በእግርና በደረጃ ነው የሚወጣ።

ሞጃ፦

እኔ በኤሌክትሪክ ስኩተር ነው የምሄደው፣ የጀርባ አጥንት ጉዳት ከደረት በላይ። ስኩተሩን ጓሳ ይዤ ብወጣ ያዋጣል? ጀልባስ ላይ?

ኩሽኔታ፦

ጀልባ ላይ አይውጣ። ስኩተር ከነባትሪው 50 ኪሎ ያልፋል፣ በጎን ካዘነበለ ጀልባውንም ይዞ ያዘነብላል። ዳር ላይ ተዉትና በሸራው ግቡ።

ጓሳ ላይ ጠጠር መንገዱ ላይ ብቻ። ከሥሩ ያለው ክፍተት የብዙዎቹ 10 ሳንቲም እንኳ አይሞላም፣ ጉብጉቡ ላይ ሆዱ ይቀመጥና ጎማው በባዶ ይዞራል። ባትሪው እርሳስ ከሆነ (ሁለት ባለ 12 ቮልት) በውርጭ ጠዋት ከአቅሙ አምስተኛው ያህል ይቀንሳል፣ ዳገት ደግሞ ሌላውን ይበላዋል፤ መለኪያው ግማሽ ሲል ተመለሱ፣ ቀሪው ግማሽ ከመጀመሪያው ፈጥኖ ያልቃል። ሌሊት ባትሪውን አውጥታችሁ ክፍል ውስጥ አሳድሩት።

ሰው የሚጎዳበት ነገር ይኼ ነው፦ ከኋላ በኩል ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቅ ዘንግ አለ፣ ለመግፋት ይመቻል ተብሎ። ዘንጉ ሲለቀቅ ፍሬኑም አብሮ ይለቃል፣ ምክንያቱም ፍሬኑ ሞተሩ ላይ ነው። ፒካፕ ላይ በጣውላ ሲጫን ረዳቱ ዘንጉን ለቆ ይገፋና መሀል ላይ ሲደክመው ስኩተሩ ተመልሶ ይመጣበታል። ሲጫን ባትሪውንና መቀመጫውን አውጡ፣ ከላይ አንድ ሰው በገመድ ይዞ ይሳብ፤ 60 ሳንቲም ለሚሆን ከፍታ ጣውላው ከ4 ሜትር አይነስ፣ ሁለት ጣውላ ከሆነ ከሥር በሁለት ማገር ተመትቶ ይያያዝ፣ አለዚያ ተለያይተው መሀሉ ላይ ይገባል።

ካላማዳሪ መለዋወጫ ያዙ። የዊልቸር ኋላ ጎማ ብዙው 24 ኢንች ነው፣ ጎሚስታ ጋ የማይገኝ፣ ብስክሌት ጠጋኝ ጋ የሚገኝ። ደብረ ብርሃን ሳላችሁ ግዙ።

በሬሳ፦

ሞጃ፣ ጉዳትሽ ከደረት በላይ ከሆነ አንድ ነገር አብሮሽ የሚሄድ ሰው ይወቅ። ድንገት የሚመታ ራስ ምታት፣ ፊት መቅላት፣ ከጉዳቱ በላይ ላብ ከመጣብሽ መጀመሪያ ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ፣ ከዚያ ካቴተሩ (የሽንት ቱቦው) ታጥፎ ወይም ከረጢቱ ሞልቶ እንደሆነ ይታይ። ጃኬት ሲታሰር ቱቦው ከሥር ይጠመዘዛል። የደም ግፊት በዚህ ምክንያት በደቂቃ ይወጣል፤ ካልወረደ ጉብኝቱ ቀርቶ ወደ ሐኪም ነው። ዝዋይ ላይ ደግሞ ከጉዳቱ በታች ስለማታልቢ ሙቀቱ ቶሎ ይጎዳሻል፣ እርጥብ ፎጣ አንገት ላይ።

የጠባሴ ልጅ፦

እግዜር ይስጥልን፣ ሸራውን ነገ አሰፋለሁ። መጀመሪያ ጓሳ፣ ከተመቻቸው ዝዋይ በኅዳር። የቀረኝ ሆቴል ነው። ሁሉም «ምድር ቤት ክፍል አለን» ነው የሚሉት።

በሬሳ፦

ምድር ቤት መሆኑ ብቻ አይበቃም፣ የመታጠቢያ ቤቱን በር አስለኩ። ዊልቸራቸው ከዳር እስከ ዳር 65 ሳንቲም ገደማ ይሆናል፣ የብዙ ሆቴል መታጠቢያ በር ግን 70 ተብሎ ተሠርቶ መክፈቻው ላይ 63 ወይም 64 ይተርፋል። «በሩን ክፈቱና ከበሩ ፊት እስከ ክፈፉ ለኩ» በሉ፣ ግድግዳውን እንዳይለኩ። አንድ ሁለት ሳንቲም ከጎደለ በሩ ከማጠፊያው ይወልቃል፣ መጋረጃ ይሰቀላል፤ ከዚያ በላይ ከጎደለ መሀሉ የተቀደደ የፕላስቲክ ወንበርና ባልዲ ይዛችሁ ሂዱ። ደረጃም ጠይቁ፣ «ትንሽ ናት» የሚሏት 15 ሳንቲም ናት። የሕንፃ ሕጉ የሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ መግቢያ እንዲኖረው ያዛል፤ እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ ስለማታውቀው ከእሷ ጋር አትጨቃጨቁ፣ ሥራ አስኪያጁን አቅርቡልኝ በሉ። አልጋው ከ50 ሳንቲም ብዙ ከፍ ካለ ደግሞ ፍራሹ ሁለት ከሆነ አንዱን አውጡላቸው።